ደሜ በማቀዝቀዣ፣ እኔ በደጅ

ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ለጥናት ሲባል የተቋረጠብኝ የጉበት ቫይረስ መድኃኒት እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ዳይሬክተር፣

እኔ አመልካች ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። የጉበት ቫይረስ ቢ ያለብኝ ከተወለድኩ ጀምሮ ነው። ታላቅ ወንድሜም ከእናታችን ያንኑ ወርሶ፣ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ በጎልማሳነቱ ሞቷል። እኔን ያቆየችኝ በየቀኑ የምውጣት አንዲት ክኒን ነበረች።

1. የሆስፒታሉ የጥናት ክፍል፣ ሰውነት ቫይረሱን ራሱ እንዲዋጋ የሚቀሰቅስ አዲስ መርፌ እየሞከርን ነው ብሎ ጋበዘኝ። ባለቤቴ «የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ድኜ ማርጀት አማረኝ። መርፌውን ስጨርስ፣ መሥራቱ እንዲታወቅ ክኒኑን አስቆሙኝ። ቫይረሱ ከተመለሰ ክኒኑን ወዲያው እንደሚመልሱልኝ የጥናቱ ዶክተር ባለቤቴ ፊት ቃል ገብታለች።

2. ቫይረሱ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን የመርፌው አምራች ጥናቱን አቋረጠ፤ ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። ዶክተሯም ሥራ ለቀቀች። የጥናት ክፍሉ «ተዘግተናል፣ የጉበት ክሊኒክ ሂድ» ይለኛል፤ ክሊኒኩ «አንተ የጥናቱ ሰው ነህ፣ እነሱ ያክሙህ» ይለኛል። የበሩ ጥበቃ እንኳ ሲያየኝ «ጥናቱ መጣ!» እያለ ይቀልዳል። ዓይኔ ቢጫ ሆኗል። ባለቤቴ ያለችው ደርሶ እንኳ አንድም ቀን «አላልኩህም?» አላለችኝም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

3. ባለፈው ሐሙስ ሆስፒታሉ ራሱ ደወለልኝ። ለመድኃኒቴ መስሎኝ ሸሚዝ ቀይሬ እየሮጥኩ መጣሁ። ለካ የጥናቱ ደም የተቀመጠበት ማቀዝቀዣ ቆሞ ጠጋኝ ፈልገው ኖሯል። እኔን ሲያመላልሱኝ የከረሙት ሰዎች በሩ ላይ ተሰብስበው «ቶሎ በል ወንድሜ፣ ይበላሻል!» አሉኝ። ስከፍተው ከብልቃጦቹ በአንዷ ላይ የራሴን የጥናት ቁጥር አየሁ። ጠገንኩት፤ ምን ላድርግ፣ የገዛ ደሜ ነው። ግን ክቡርነትዎ፣ አንጀቴ አርሯል። ለደሜ የተሯሯጠ ሰው ለእኔ ጠፋ።

ስለዚህ ክኒኔ በአስቸኳይ እንዲመለስልኝና የጉበት ምርመራ እንዲደረግልኝ፣ አብረውኝ መርፌውን የወሰዱትም ተፈልገው እንዲታከሙ ትእዛዝ እንዲሰጡልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

የማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር አርጅቷል፤ መቆሙ አይቀርም። ያን ጊዜ መደወላችሁ አይቀርም። ስልኩን የማነሳው እኔ እንድሆን፣ ባለቤቴ እንዳትሆን፣ እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከታማሚ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ፍሪጅ ጠጋኙ፣ በጥናቱ አጠራር ቁጥር 41