ለኤልዬሰር የሰጠሁት ፍላሽ

ሰኞ፣ ማርች 3
ዛሬም መብራት የለም። ክሊኒኩ ያለው ኮምፒውተር አንድ፣ የምንሻማው ሦስት። እኔ ግን ፍላሼ አለልኝ… መጻፊያው ፕሮግራም፣ የሕሙማኑ መዝገብ፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው። መብራት ያለበት ጎረቤት ቤት ሄጄ ሰካሁና ጨረስኩ። ትንሽ ኮራሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 5
ፊልምና ድራማ የያዘው የሳምንቱ ጥቅል ከሃቫና ገባ። እማማ የቱርኩ ድራማ አምልጧት አኩርፋ ሰንብታለች። ፍላሼን ይዤ ፊልም ገልባጩ ኤልዬሰር ጋ ሄድኩ።
«ኦዳልሚስ፣ ይሄ እኮ ጢም ብሏል! ያለውን እኔ ዲስክ ላይ ላቆየው፣ እማማ ድራማውን ስትጨርስ እመልስልሻለሁ።»
ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ ማርች 7
እማማ ድራማውን እያለቀሰች ጨረሰች። ኤልዬሰር ፋይሎቼን መለሰልኝ። አንድም አልጎደለ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11
የዳቦ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ፦ «ስፌተኛዋ ኔሬይዳ ኤች አይ ቪ አለባት አሉ…»
ዳቦውን ትቼ ከሰልፉ ወጣሁ። ይሄ ያለው የእኔ መዝገብ ላይ ነው!
ወደ ኤልዬሰር ሮጥኩ። ለካ ዲስኩን ሌሎቹ ገልባጮች ይዋሱታል። የእኔንም ፎልደር አብረው ገልብጠውታል።
«ታዲያ ምነው የይለፍ ቃል አላበጀሽለትም?»
እውነቱን ነው። የክሊኒኩ ዶክተር ስንት ጊዜ ነግራኛለች። «ማን ያየዋል» እል ነበር።

ረቡዕ፣ ማርች 12
ከእኔ እንደወጣ ከኤልዬሰር በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ብልስ?… እንዲህ በማሰቤ አፈርኩ።

ዓርብ፣ ማርች 14
ለዶክተሯ ተናገርኩ። ከሥራ ታገድኩ፤ ይገባኛል። ከዚያ ኔሬይዳ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። የስፌት መኪናዋን አቆመች።
«ከአንቺ ነው የወጣው?»
«ከእኔ ነው።»
«ከክሊኒኩ ሌላ ባሌ ብቻ ነበር የሚያውቀው» አለች። «እሱ ነው ያወራው ብዬ ትናንት ከቤት አስወጣሁት።»
ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምነው በሰደበችኝ።
«ሂጂ ንገሪው። እኔ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»
ባሏን ኦስኒየልን እናቱ ቤት አገኘሁት፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ሳላቋርጥ ተናገርኩ። አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም።
«አሥራ አንድ ዓመት» አለ በመጨረሻ። «ለእናቴ እንኳ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።»