በመሲ ቦታ

ማክሰኞ

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ጋሽ ተካልኝ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቀውኝ፣ ጃንጥላቸውን ወደ እኔ አዘንብለው፣ የሆስፒታሉን ጥየቃ ከእንግዲህ አንቺ ያዢው ብለን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተነጋግረናል አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርገው ሄዱ።

የመሲ ሥራ ነበር። ከሆሳዕና ከተማ ወደ ቦንጋ ተመድቤ ስመጣ፣ ሰው ሳላውቅ፣ ቤቷን ለሁለት ከፍላ ያስጠጋችኝ መሲ። ከፋሲካ በኋላ ታመመች፣ ሞተች። አላለቀስኩም። በቀብሩ ላይ ሴቶቹ ፊቴን ፊቴን ያዩኝ ነበር። አሁንም ያው ነኝ። አስተምራለሁ፣ ፈተና አርማለሁ፣ እተኛለሁ። ምግቡ እንደ ገለባ ነው።

በዚያ ላይ የእሁዱ ትምህርት የእኔ ተራ ነው። ስማቸው ብዙ የማይነሣ ሐዋርያትን እየተማርን ነው። ለእኔ ማትያስ ደረሰኝ፤ በይሁዳ ቦታ የገባው። ደስ አላለኝም። መሲ ይሁዳ አይደለችም።

ረቡዕ

ሙዝ ገዝቼ ሄድኩ። ሲስተር ሕይወት ከሴቶች ክፍል ደጃፍ ላይ ያዘችኝ። ደካ ከሚባል ገጠር የመጡ እማማ አስካለ የሚባሉ ሴት አሉ፤ ስኳር በሽታ እግራቸውን አቁስሎታል። ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ ቁስሉ ወደ ላይ ሊወጣ ነው። እሳቸው ግን መሲ ሳትመጣ አልፈርምም ብለዋል። ለካ መሲ ቃል ገብታላቸው ነበር፦ ለቀዶ ሕክምና ሲገቡ በሩ ላይ እቆማለሁ፣ ሲወጡም እዚያው ያገኙኛል ብላ። መሞቷን ማንም አልነገራቸውም። መንገድ ሄዳለች ነው የተባሉት።

«መርዶውን የቤት ሰው ቢነግራቸው ይሻላል» አለችኝ ሲስተር።

ገባሁ። እማማ አስካለ ሙዙን ሳይሆን ከኋላዬ በሩን አዩ። «መሲ መቼ ይመጣል?» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ።

«ትመጣለች» አልኩ።

እንደዚህ ብዬ ወጣሁ። ማፈር እንኳ አልመጣልኝም።

ሐሙስ

ዝናብ። ጠዋት ስለ ማትያስ አነበብኩ። ብዙ የሚነበብ የለም። ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሯቸው ሲሄድ የኖረ ሰው ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ግን ስሙን ያነሣ የለም። ዕጣ ወጣለት፣ ገባ፣ ከዚያ በኋላም ስሙ አይነሣም። የተናገረው አንድ ቃል አልተጻፈም። ከእሱ ምን አውጥቼ ላስተምር?

ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ሲስተር ሕይወት ወደ ቋንቋቸው፣ ወደ ካፊኖኖ፣ እየመለሰችልኝ መርዶውን ነገርኳቸው። ትናንት መዋሸቴንም። እማማ አስካለ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው አለቀሱ፤ ደረታቸውን መቱ። በዙሪያ የተኙትም ሴቶች አለቀሱ። እኔ ሙዝ የያዘው ፌስታል ላይ አፍጥጬ ቆምኩ።

ሲረጋጉ ምኗ ነሽ አሉኝ። አብሬያት እኖር ነበር አልኩ።

«አንቺ አላለቀስሽም።»

«አልመጣ ብሎኝ ነው።»

 ከዚያ በሲስተር በኩል፣ ነገ በሩ ላይ ትቆሚያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ እንደ መሲ አይደለሁም» አልኩ። «ቋንቋዎን አልችልም። መጸለይም ካቃተኝ ቆይቷል።»

ሲስተሯ እስክትመልስላቸው አልጠበቁም። በአማርኛ፣ «ቁሚ ብቻ» አሉኝ።

አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ አኖሩ።

ዓርብ

ክፍለ ጊዜዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ቆምኩ። ወንበር አምጥተውልኝ ነበር፤ አልተቀመጥኩም። ለመጸለይ ሞከርኩ። «ጌታ ሆይ፣ አስካለ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም። እሱኑ ደጋገምኩት። እግሬ ደነዘዘ። ውስጤ እንደሆነ ቀድሞም ደንዝዟል።

ሐኪሙ ወጥቶ ደህና ናቸው አለ። በተሽከርካሪ አልጋ ሲያወጧቸው ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቷል። «መሲ» አሉ።

ሲስተር ሕይወት ቀና ብላ አየችኝ።

«አቤት» አልኩ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቅዳሜ

ተኛሁ። ልብስ አጠብኩ፤ አልደረቀም። ለነገ ምንም አልጻፍኩም።

እሁድ

አጭር ሆነ። ማትያስ ባዶ ቦታ ላይ ቁም ሲባል ቆመ አልኳቸው። የቀደመውን ሰው እተካለሁ አላለም፣ እበልጣለሁም አላለም። ስሙ ባይነሣም ሐዋርያት ሲቆጠሩ አንድ አልጎደሉም። እምነት አንዳንዴ ይኼው ብቻ ይመስለኛል አልኩ፤ ምንም ሳይሰማን መገኘት። ከዚያ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ጋሽ ተካልኝ መዝሙር ለማስጀመር ትንሽ ቆዩ። ለካ ገና የምቀጥል መስሏቸው ነው።

ከምሳ በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። እማማ አስካለ ትኩሳት ቢጤ አላቸው፤ ሐኪሙ ነገ እናያለን ብሏል። እሳቸው ግን በቋንቋቸው «እንዴት አደሩ» ማለት ሊያስተምሩኝ ፈለጉ። አልኩት። አጎራባች አልጋ ያለችው ሴት በሳቅ ፈረሰች፤ ምን እንዳልኩ እግዜር ይወቀው። እማማም የተጠቀለለ እግራቸውን ይዘው፣ እያመማቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። ጉንጬ ሲረጥብ ነው ለቅሶ መሆኑን ያወቅኩት። ከዚያ ማቆም አቃተኝ፣ ድምፅ አውጥቼ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ። ማንም ዝም በይ አላለኝም። እማማ አስካለ እጄን ይዘው ወደ መስኮቱ ዞር አሉልኝ።

ነገም እሄዳለሁ። ትኩሳቱ እንጃ።