የከድር ክላክስ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 5

ዛሬም ሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራ ግቡ ተባልን። አለቃችን ቤቱ ተቀምጦ በስልክ “ኮንቴይነር ኮሮና አይዘውም” ይለናል። እኛስ? ታክሲ ውስጥ ያስነጠሰችውን ሴትዮ መንገድ ላይ ሊያወርዷት ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ሰው ጠላሁ፣ ራሴንም ጭምር።

አንድ ደስታ፦ ፖድካስታችን ተለቀቀ። ቢሮ አጠገቤ ከሚቀመጠው ከሚሊዮን ጋር፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ቁምሳጥኔ ውስጥ አንገታችንን ከትተን የቀዳነው። እንግዳችን ከድር፣ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር። “በሽታ አመጣህ ብለው ሻይ የሚሸጥልኝ አጣሁ” ይላል። ስሙን አልጠራንም፣ ድምፁን አወፈርነው። መግቢያ ሙዚቃ ስላልነበረን ያችን የምታዜም የመኪናውን ክላክስ አስገባሁ። የኔ ሐሳብ ነው፣ ይመዝገብልኝ።

ማክሰኞ

ከድር ደወለ። ሁልጊዜ “አካም፣ እህቴ” ይል ነበር፤ ዛሬ ሰላምታ የለም። አከራዩ እትዬ አስካለ “ሾፌሩ አንተ ነህ፣ ልቀቅ” ብላዋለች። (እዚህ አንቱ ብዬ ልጽፋት አልቻልኩም።) የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተከራይ ማስወጣት ከልክሏል ሲላት የግቢውን ቧንቧ ቆለፈችው። ሚስቱ አራስ ናት። አገር ሁሉ እጃችሁን ታጠቡ ይላል!

“ማንም አያውቅህም ብለሽኝ ነበር” አለና ዘጋው።

ሚሊዮን ነው ያወራው። ከሱ ሌላ ማን ያውቃል? ሰው ፊት ወሬኛ አልኩት። “እናቴ ትሙት” ብሎ ማለ። መሐላ የሚያበዛ ሰው አላምንም።

ረቡዕ

ከሥራ ቀርቼ ከድር ሰፈር ሄድኩ። “እሱ መሆኑን ማን ነገራችሁ?” ብላት ባለሱቋ ሳቀችብኝ።

“ድምፁንስ ማን ያውቀዋል? ክላክሱን ነው እንጂ። ሰፈር ሲደርስ ሚስቱ ምሳ እንድታቀርብ ይነፋታል። ሕፃን ሳይቀር ያውቃታል።”

ሾፌር ሁሉ ለቤቱ የሚነፋው የራሱ አነፋፍ አለው። ስድስት ዓመት ከሾፌር ጋር ሠርቼ ይሄ ጠፋኝ። ቅጂውን አጠፋሁት፤ ግን የሰው ስልክ ሁሉ ገብቷል። ሚሊዮንን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ነገ።

ሐሙስ

እትዬ አስካለ ስትሰግድ ደረስኩ። እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

“ሕማማት ነው፣ ሰላምታ የለም” አለችኝ።

“ለሰላምታ አልመጣሁም። ለውሃው ነው።”

“ስኳር አለብኝ፣ ደም ግፊት አለብኝ። ያን ቧንቧ እኔም እነካዋለሁ። ብሞት አንቺ ትቀብሪኛለሽ?”

ስልኬን አውጥቼ መሐላችን አስቀመጥኩት።

“ምንድን ነው እሱ?”

“እየቀዳሁ ነው። ቀጣዩ እንግዳ እርስዎ ነዎት።”

ስልኩን ብዙ አየችው። “የኔንም ድምፅ ታወፍሪዋለሽ?”

“አላወፍረውም።”

ከነጠላዋ ጫፍ ቁልፉን ፈታች። ሄዳ ቧንቧውን ከፈተችው። አሮጊት አስፈራርቼ ነው ያሸነፍኩት፤ ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

የከድር ሚስት ልጇን አዝላ ጀሪካን ይዛ ወጣች። ላግዝሽ አልኳት። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

“መጀመሪያ ስልክሽን አጥፊው” አለችኝ።

አጥፍቼ አሳየኋት። ጀሪካኗን ሞልታ ገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።