የፀዳለ ግንባርና የእትዬ ጥሩወርቅ ጠንካራ እጅ

ማክሰኞ

ፀዳለ መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ሁለት ሳምንት የቆየውን ሹሩባ እየፈታሁላት ነበር። ከግንባሯ ጥግ፣ ከጆሮዋ ከፍ ብሎ፣ ፀጉር መኖር ያለበት ቦታ ላይ ፀጉር የለም። በግራም በቀኝም። ቆዳው ያብረቀርቃል።

«ምን ያህላል?» አለችኝ።

«ትንሽ ነው።»

«ምንታምር፣ እውነቱን!»

«አውራ ጣቴን ቢያህል ነው» አልኳት። ዋሸሁ። ሁለት አውራ ጣት ነው።

እህቴ የደነገጠችው አለነገር አይደለም። እስካሁን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ስትሸጥ ሻሽ ጠምጥማ ስለምትውል ግንባሯን ያየ የለም። ከሰኞ ጀምሮ ግን የባንክ ካሸር ናት! ስታመለክት፣ ስትፈተን፣ ስትጠብቅ ኖራ አሁን ገና ተጠራች። ሰኞ ጠዋት ለመታወቂያ ፎቶ ያነሷታል፤ ያለ ሻሽ። ያንን ፎቶ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስንት ዓመት ልትቀመጥ ነው።

ስለዚህ ለእሑድ ፀጉር ቤት ቀጠሮ ይዛለች። በሪላክሰር ኬሚካል አስለስላ፣ ሂውማን ሄር የሚሉትን የሰው ፀጉር አስቀጥላ ልትሸፍነው። ያጠራቀመችው ሁሉ እዚያው ያልቃል። እኔን የጨነቀኝ ግን ሌላ ነው፦ ያ ኬሚካል የቀረውንም ይዞት ቢሄድስ?

«እስከ እሑድ ለእኔ ስጪኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ጭንቅላትሽን።»

በእንባዋ መሃል ሳቀች። ፈቀደች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከኋላው ደህና ሆኖ ከፊት ብቻ ለምን ተነቀለ?

ረቡዕ

እማዬ ሰማች። እማዬ ሰማች ማለት ሰፈሩ ሰማ ማለት ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የታዘዙ መድኃኒቶች፦ ለጋ ቅቤ። የቀይ ሽንኩርት ውሃ። እሬት። አብሽ ዘፍዝፎ መለቅለቅ። ሁሉም «ፍቱን ነው» ተብለዋል፤ ያዘዙትን ሴቶች ፀጉር ግን ማየት አልተቻለም፣ ሁሉም ሻሽ አድርገዋል።

እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ «ዓይን ነው። ባንክ ቤት ስትገባ የበላት የሰው ዓይን ነው» አሉ። ዓይኑ ከቅጥር ደብዳቤው በፊት እንዴት እንደደረሰ ልጠይቃቸው ስል እማዬ በክርኗ ወጋችኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ጎረቤታችን ናቸው። እኛ ያለንበት ቁስቋም ሰፈር ውስጥ በእሳቸው እጅ ያላለፈ የሴት ጭንቅላት የለም። ፀዳለን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በነጻ ነው የሚሠሯት። ሹሩባቸው በጥብቀቱ የታወቀ ነው፤ ተሠርተሽ ስትነሺ ቅንድብሽ ወደ ላይ ስለሚሄድ ሁለት ቀን ሙሉ በሁሉም ነገር የተገረምሽ ትመስያለሽ። ሴቶቹ የሚወዱትም ለዚሁ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ የሚሮጥ ሰው መቼ ያበጥራል? ጠበቅ ያለ ሹሩባ ሁለት ሳምንት፣ ሲብስም ሦስት ሳምንት ይከርማል። ለፀጉር ቤት የሚወጣውም ይተርፋል።

እኔ አንዱንም አላመንኩም፣ አንዱንም አልናቅሁም። የፀዳለን ጭንቅላት መሃል ለመሃል ከፈልኩት። ቀኙ ቅቤ፣ ግራው ተልባ። ተልባውን ስልክ ላይ ነው ያየሁት፤ ቀቅለሽ ዝልግልጉን ማጥለል ብቻ ነው። ቅቤው ደግሞ ዛሬ ከደጋው ከኮሶዬ መጣ። የአባዬ አጎት አያ ሞላ ለዓይናቸው ሕክምና ሲመጡ ይዘውት ደረሱ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ቅቤው ቀልጦ አፏ ቢገባስ?» ብዬ እማዬን ጠየቅኋት።

«አፏን ትዝጋ። አንቺም ዝጊ።»

ተልባው አንደኛ ዙር ከሸፈ። እስኪቀዘቅዝ ስለጠበቅሁት በጨርቅ አላልፍ ብሎ እንደ ሙጫ ተንጠለጠለ። ሁለተኛውን በትኩሱ አጠለልኩት፣ በጆግ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት። ዕቃ አጥቤ ስመለስ ጆጉ ባዶ ነው። አያ ሞላ ጢማቸውን እየጠረጉ ተቀምጠዋል።

«ሸጋ ተልባ ነው። ምነው ማር ነፈጋችሁት እንጂ!»

«አያ ሞላ፣ እሱ የፀዳለ የፀጉር ቅባት ነበር።»

ወደ ባዶው ጆግ አዩ። «እንግዲህ ውስጤ ፀጉር ካበቀለ ለኮሶዬ ብርድ ይበጀኛል» አሉ።

ሦስተኛ ዙር ቀቀልሁ።

ሐሙስ

ውጤት። ፀዳለ የዋስ ወረቀት ልታስገባ ባንክ ቤት ሄዳ ነበር። ፀሐዩ ሲበረታ ቀኙ ቀለጠ። ከጆሮዋ ኋላ ወርዶ የነጭ ሸሚዟን ኮሌታ አጨማለቀው፤ ወረቀቱም ላይ አንድ ጠብታ አረፈች። ተቀባዩ ሰውዬ ወረቀቱን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ «ምሳ ላይ ነበርሽ እንዴ?» አላት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር አለችኝ።

ግራው ሽታ የለው፣ መፍሰስ የለው። ያበጠርኩት እንዳለ ተቀምጧል። አንድ እንከን አለው፦ ሲበዛ ደርቆ እንደ ፎረፎር ይራገፋል። ቀጭን አድርጎ በእርጥብ ፀጉር ላይ መቀባት ነው። ስለዚህ ቅቤ ቤት ለሚዋልበት ቀን፣ ተልባ ለሥራ ቀን። እማዬ ይህንን ስነግራት «ሊቅ ሆንሽልኝ!» አለች፤ ሙገሳ አልነበረም።

ባዶው ቦታ ግን ባዶ ነው። በእረፍት ሰዓት የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅኋቸው።

«መምህር፣ ፀጉር በአምስት ቀን ይበቅላል?»

«ስንዴስ በአምስት ቀን ይታጨዳል?» አሉኝ። ከዚያ ግን ቾኩን አስቀምጠው በደንብ አስረዱኝ። ፀጉር የሚያድገው ከሥሩ ነው። ሥሩን ሌት ተቀን የሚጎትተው ነገር ካለ ላይ ላዩን ቢቀቡት አይጠቅምም። «መጀመሪያ የሚጎትተውን አስለቅቂው» አሉኝ።

የሚጎትተው ምንድን ነው? ከትምህርት ቤት ስወጣ ባጃጅ ተራ ቆሜ ግንባር ማየት ጀመርሁ። አንዲት ሴት «ምን ታፈጥጫለሽ አንቺ?» ብላ ልትማታ ነበር። ግን አየሁ። ጠበቅ አድርገው የተሠሩት፣ እዚያው ቦታ፣ እንደ ፀዳለ ባዶ ነው። ላላ አድርገው የተሠሩት ግንባራቸው ሙሉ ነው። ጠበቅ ያሉትን ሹሩባዎች ደግሞ ከሩቅ አውቃቸዋለሁ፣ የማን እጅ እንደሆኑ።

ወይኔ።

ዓርብ

ማን ይንገራቸው?

እማዬ፦ «አፍሽን ቆልፊ። ስትወለጂ እኔን ያረሱኝ ሴትዮ ናቸው።»

ፀዳለ፦ «እኔ አልነግራቸውም። ሃያ ዓመት በነጻ ሠርተውኝ፣ አሁን ካሸር ስሆን እጃቸውን ናቀች ልባል? ፀጉር ቤቱ ይሻለኛል።»

አይገባኝም። ሴትዮዋ እንዳይቀየሙ ብላ የቀረውን ፀጉሯን በኬሚካል ልታስበላ ነው! የቀረንም ነገ ብቻ ነው። የሹሩባ ቀን ቅዳሜ ስለሆነ እትዬ ይመጣሉ። ጠበቅ አድርገው ከሠሯት ጥጉ ጭራሽ ተገልጦ ይቀራል፣ እሷም እሑድ በሩጫ ወደ ሪላክሰሩ ትሄዳለች።

ተንኮል ሞከርሁ። ማታ አጥር ላይ አገኘኋቸውና «እትዬ፣ ባንክ ቤት ላላ ያለ ሹሩባ ብቻ ነው የሚፈቀደው አሉ» አልኳቸው።

«ባንክ ቤት ገንዘቡን ይቁጠር። ስለ ሹሩባ ምን አገባው?»

ተረትቼ ወደ ቤት ገባሁ። ይህ በወር አንዴ የሚደርስብኝ ነው።

ቅዳሜ

እትዬ ጥሩወርቅ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ፀዳለ መሬት ላይ በጉልበታቸው መካከል። በሚዶው ጭራ መስመር አወጡና ጀመሩ። አንድ ጉንጉን፣ ሁለት፣ ሦስት። ፀዳለ ጥርሷን ነክሳለች። አራተኛው ላይ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እትዬ፣ ትንሽ ላላ ቢልላት» አልኩ።

«የላላ ሹሩባ የሰነፍ ሴት ነው።»

«እያመማት እኮ ነው!»

«ሳያመው ያማረ ማን አለ?»

ያኔ አመለጠኝ። «ዓይን አይደለም እኮ የነቀላት። የእርስዎ እጅ ነው።»

እማዬ ጫማዋን አወለቀች፤ ለምን እንደሆነ ስለማውቅ ወደ በሩ ተጠጋሁ። ፀዳለ አቀርቅራ ቀረች። እትዬ ጥሩወርቅ ግን አልተቆጡም። የፀዳለን ግንባር ወደ ብርሃኑ አዞሩና ባዶውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን።

ከዚያ ሻሻቸውን ፈቱ።

እኔ እትዬን ያለ ሻሽ አይቼ አላውቅም። ፀጉራቸው የሚጀምረው ከአናታቸው መሃል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ልሙጥ። እማዬ ጫማዋን እንደያዘች ቀረች።

«እናቴ ናቸው ይሠሩኝ የነበሩት» አሉ። «እሳቸውም እጃቸው ጠንካራ ነበር። እኔ ዕድሜ ነው ብዬ። ለካ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁም እንዲሁ ነበርሁ።»

ስለ ግንባራቸው የፈጠርኳቸው ስንትና ስንት ቀልዶች ነበሩ። አንዱም አልመጣልኝም።

አራቱን ጉንጉን ፈቱና እንደ አዲስ ጀመሩ። የሚገርመው፣ ማላላት አይችሉበትም! እጃቸው እየረሳ ይጎትታል፣ ደንግጠው ይለቁታል፣ ይፈቱታል። በየጉንጉኑ «አመመሽ?» ይላሉ። ጥጉን ጭራሽ አልነኩትም። ከፊት ያለውን እንዲሁ ትተው ከኋላ ወፈር ወፈር አድርገው ጎነጎኑት፤ የፊቱን እኔ በተልባ ወደ ጎን አስተኛሁት። ሹሩባው ትንሽ ተንጋዷል። የጀማሪ ሥራ ይመስላል።

«ሳምንት አይቆይም ይሄ» አሉ እትዬ፣ በኀዘን።

«በሳምንቱ እንደገና ነዋ» አለች ፀዳለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልተናገረችውን የተናገረች ያህል ድምጿ ቀጠነ።

እሑድ

ፀዳለ ፀጉር ቤት ደውላ ቀረሁ አለች። ደስ አለኝ፣ ከዚያ ፈራሁ። ነገ ፎቶው ቢያስጠላስ? ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው?

የፀዳለን ሻሽ ዛሬ አላላሁት፣ እሱም ይጎትታል። ስትተኛ በምን እንጠቅልለው ስንል እማዬ ሳትጠየቅ የድሮ ኮቷን የሳቲን ገበር ቀድዳ ሰጠችን። አያ ሞላ ሲሰናበቱ «ያ ተልባ ሆዴን አለሳለሰው» ብለው የአሠራሩን ልክ ጠየቁኝ። እስካሁን ሙሉ በሙሉ የረካ ደንበኛ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሰኞ

በምሳ ሰዓት መጣች። መታወቂያዋን ከአንገቷ ላይ አውልቃ ሰጠችኝ። ባዶው ቦታ በግራ በኩል ምንም አይታይም። በቀኝ በኩል፣ ለሚያውቅ፣ ትንሽ ይታያል።

«ይታያል?» አለችኝ።

«ለሚያውቅ።»

ተቀበለችኝና አየችው። ፎቶው ላይ ፈገግ ብላለች፤ ቅንድቧ በቦታው ነው። «ይሁን» አለች። መልሳ አንገቷ ላይ አጠለቀችው፣ ምሳዋን በላች፣ ሄደች። በቃ ይኸው ነው። እኔ ጭብጨባ ጠብቄ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እትዬ ጥሩወርቅ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ግራ ቀኙን አዩ።

«ያ ተልባሽ» አሉ በሹክሹክታ፣ «እንደኔ ላለውስ ያበቅላል? ባንክ ቤት ልቀጠር አይደለም መቼም። እንዲያው ነው።»

ቀልድ ፈለግሁ። ከዚያ ውሸት ፈለግሁ፤ ማክሰኞ ለፀዳለ እንደዋሸሁት ያለ ትንሽ። ፊታቸውን ሳይ ሁለቱም ጠፉ።

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እና ማን ያውቃል?»

«መምህራችን ያውቁ ይሆናል።»

«እንግዲያ ጠይቂልኝ» አሉ። «የማን ነው ካሉሽ የአንዲት ሴትዮ በያቸው።»

ነገ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ባዮሎጂ ነው። ጥያቄውን ደብተሬ ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ። መልሱን ሳስበው ግን ክፍለ ጊዜው ባይደርስ እላለሁ።