ሁልጊዜ ቀድመው የደረሱት የወይዘሮ ማርጊት ኦግልቪ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማርጊት ቫርጋ ኦግልቪ ከአባታቸው ከአቶ አንድራሽ ቫርጋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢሎና ፋርካሽ በኦሃዮ ግዛት፣ በስቱበንቪል ከተማ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1935 ተወለዱ። አባታቸው የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ፣ እናታቸው በሕፃንነታቸው ከሃንጋሪ የመጡ የቤት እመቤት ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ታናሽ እህታቸው ኢርማ ተወለደች። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችውም እርሷ ናት። ሟችን በአንቱታ፣ ራሷን ግን እንዲሁ በስሟ መጥራቷን ታዝባችሁ እንደሆነ፣ ቤታቸውም ውስጥ ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ወይዘሮ ማርጊት ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው በ1953 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀቁ። በሃንጋሪዎች አዳራሽ በሚደረገው የመከር ጭፈራ አራት ዓመት በተከታታይ ከፊት የተሰለፉት እርሳቸው ነበሩ። ኢርማ የእርሳቸውን ኮት፣ የእርሳቸውን ጫማና የእርሳቸውን መምህራን ወረሰች። መምህራኑ በመጀመሪያው ቀን ስም ሲጠሩ፣ "አሃ! የማርጊት እህት ነሽ?" ብለው ደስ ይላቸዋል፤ በሳምንቱ ደስታው ያልፍላቸዋል። ሙት አይወቀስም ይባላል፤ እዚህም የሚወቀስ የለም። ኮቱ ግን እጅጌው ይረዝም ነበር።

በዚያ ዘመን የስቱበንቪል ወንዶች በየጓዳው ካርታ ማደል እየተማሩ ወደ ኔቫዳ በረሃ፣ ወደ ላስ ቬጋስ ይጎርፉ ነበር። ወይዘሮ ማርጊትም በ1957፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው፣ አንድ ሻንጣ ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ። እናታቸው በር ላይ ቆመው፣ "ሂጂ ልጄ፣ ስለ እኔ አታስቢ፤ ኢርማ አለችልኝ" አሉ። ኢርማን የጠየቃት ሰው የለም።

ወይዘሮ ማርጊት በዚያው ዓመት በሩን በከፈተው በፓሎማ ሆቴልና ካዚኖ በመጠጥ አስተናጋጅነት ሥራ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ኦሃዮ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ይዘንብ ጀመር። ማርጊት በመዋኛ ገንዳው ዳር፤ ማርጊት በአረንጓዴ ሐር ቀሚስ፤ ማርጊት ከመድረክ ጀርባ ከዘፋኞቹ ጋር ሽሪምፕ ሲበሉ። ፓሎማ ያኔ የከተማው ጫፍ ነበር፤ ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ አሸዋና ቁጥቋጦ እንጂ ሌላ አልነበረም። ባለቤቱ የሠራተኛውን ሁሉ ስም ከነልጆቹ ያውቃል፤ ሠራተኛ ሲታመም ሾርባ አስይዞ ሰው ይልካል፤ ሠራተኛና ዘፋኝ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ይበላሉ። ኢርማ ይህን ሁሉ ለእናቷ ጮክ ብላ ታነብ ነበር። ድምፅዋ አይሰበርም፤ አንጀቷ ግን እርር ድብን ይል ነበር። ቀንታለች። ዛሬ የሚደበቅ ነገር አይደለም።

በ1962 ወይዘሮ ማርጊት የፓሎማ ኦርኬስትራ ጥሩምባ ነፊ ከነበሩት ከአቶ ሌስተር ኦግልቪ ጋር በሆቴሉ የአትክልት ቦታ ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1964 አንዲት ሴት ልጅ፣ ዋንዳን፣ አፈሩ። ኢርማ ሠርጉንም ክርስትናውንም ያየችው በፎቶ ነው።

በ1967 እናታቸው ወይዘሮ ኢሎና ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ። ኢርማ ሥራዋን ለቀቀች፤ ሊያገባት ያሰበውንም ሰው "ትንሽ ቆየኝ" እያለች እስኪሰለቸው አቆየችው። እናቷን አሥራ አንድ ዓመት አስታመመች። ወይዘሮ ማርጊት ከላስ ቬጋስ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ይደውሉ ነበር።

"ዛሬ ምን በላች?"

"ሾርባ።"

"የምን ሾርባ? ፀጉሯንስ አበጠርሽላት? ወዴት በኩል ከፈልሽው?"

"ወደ ግራ።"

"ደረቷን በምን አሸሽላት?"

"በዝይ ስብ። እንግዲህ ምን ቀረ፣ እትዬ?"

"ስታነሻት እስከ ሦስት ትቆጥራለች ብለሽኝ የለ? እንዴት ብላ ነው የምትቆጥረው? እስቲ እንደ እሷ አድርገሽ ንገሪኝ።"

ኢርማ ይህን ሁሉ ቁጥጥር ነው ብላ ታስብ ነበር። በእሳቱ ዳር የተቀመጠ ሰው እሳቱ ውስጥ ላለው ምክር አያጣም። አንድ እሑድ "መጥተሽ አታያትም ወይ!" ብላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘግታባቸዋለች። በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ሰዓት ደወሉ፤ "ዛሬ ምን በላች?" አሉ።

በ1971 ትላልቆቹ ሆቴሎች ሴት ካርታ አዳይ መቀበል ሲጀምሩ፣ ወይዘሮ ማርጊት በፓሎማ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆኑ። እዚህ የተሰበሰባችሁ ብዙዎቻችሁ የዚያው ሥራ ሰዎች ስለሆናችሁ ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ካርታ አዳይ ተረኛው መጥቶ ጠረጴዛውን ሲለቅ ሁለት እጁን አጨብጭቦ፣ መዳፉን ገልብጦ ከላይ ለሚመለከተው ጠባቂ ያሳያል፤ ምንም አልወሰድኩም ማለት ነው። ወይዘሮ ማርጊት ግን ይህን ከማንኛውም ጠረጴዛ ሲነሱ ያደርጉት ነበር። ከእራት ሲነሱ አጨብጭበው ያሳያሉ፤ ከጥርስ ሐኪም ወንበር ሲወርዱ እንኳ ያደርጉታል። ሰዉ ይስቃል፣ ይወድላቸዋል። ኢርማም በኋላ በመስታወት ፊት ሞክራዋለች፤ አላማረባትም።

እናታቸው በ1978 ሲያርፉ ወይዘሮ ማርጊት ለሁለት ቀን መጡ፤ ግራጫ የፀጉር ካፖርት ለብሰው ነበር። አፈሩ ተመልሶ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ፣ ከመቃብሩ ዘወር ሲሉ ሁለት እጃቸውን አጨበጨቡ፤ መዳፋቸውን ገልብጠው አሳዩ። ኢርማ ዓይኗ ደም ለበሰ። "በእናታችን መቃብር ላይ! ቁማር ጠረጴዛ መሰለሽ?" አለቻቸው፣ በሰው ፊት። ወይዘሮ ማርጊት ካፖርታቸውን ቆልፈው ወደ መኪናው ሄዱ። ለሰባት ወር ሳይነጋገሩ ቆዩ። በ1979 አንዲት አጭር ደብዳቤ መጣች፦ "ክፍል አለኝ። ቤቱ ባዶ ሆኖብሽ ይሆናል። ነይ።"

ኢርማ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ላስ ቬጋስ ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት ወይዘሮ ማርጊት ፓሎማን አዙረው አሳዩዋት። ባለቤቱ ሸጦ ሄዷል፣ ኦርኬስትራው ተበትኗል፣ የድሮው ምግብ ቤት በቁማር ማሽኖች ተሞልቷል። የጠረጴዛዎቹ አለቃ የነበሩት ሚስተር ኤመት ፕራውዝ እጇን ጨብጠው፣ "ምነው ድሮ በመጣሽ!" አሏት። ወይዘሮ ማርጊትም፣ "እውነት ነው፣ ምነው ድሮ በመጣሽ!" አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ ይህን ያላላት ሰው የለም፤ ፖስተኛው፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ይቅርታ ይደረግላትና እዚህ የቆሙት አባታችንም ሳይቀሩ። ቀድሞ ከወጣ ጆሮ በኋላ የወጣ ቀንድ በለጠ ይባላል። የኢርማ ቀንድ እስከ ዛሬም አልወጣም።

ኢርማ በአንድ አዲስ ሆቴል የደንብ ልብስ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ ሥራዋ የካርታ አዳዮችን ሱሪ ኪስ መስፋት፣ ማለትም ገንዘብ እንዳይደብቁበት አፉን መዝጋት ነበር። ሠራተኛው በቁጥር እንጂ በስም አይጠራም። ማታ ማታ ወይዘሮ ማርጊት፣ አቶ ሌስተርና ሚስተር ኤመት በረንዳ ላይ ተቀምጠው የፓሎማን ወሬ ሲያነሡ እርሷ ስኒ ታጥብ ነበር። "ያቺን የአውሎ ነፋስ ቀን ታስታውሳላችሁ?" ይባላል፤ ሦስቱም በአንዴ ይስቃሉ። እርሷ የምታስታውሰው የዝይ ስብ ነው። በዚያ ላይ አይሳቅም።

በ1996 ፓሎማ በፈንጂ ፈረሰ። ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት የድሮ ሠራተኞች ሁሉ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ከመንገዱ ማዶ ተሰለፉ። ሕንፃው በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲወድቅ ተቃቅፈው አለቀሱ። አቧራው ሲመጣ ሁሉም በአንድ ላይ አጨብጭበው መዳፋቸውን አሳዩ። ኢርማ የሁሉንም ቦርሳ ይዛ ቆማለች። ማንም አላቀፋትም። ምንስ አጣችና ይቀፏት? ያልነበራት ነገር ሲቀበር ያየች ሴት ማልቀስ ያምራታል እንጂ አይፈቀድላትም። ያን ቀን የቀናችውን ያህል በሕይወቷ ቀንታ አታውቅም።

አቶ ሌስተር በ2003 ካረፉ በኋላ ሁለቱ እህቶች አብረው ኖሩ። በ2014 ወይዘሮ ማርጊትን የመርሳት በሽታ ያዛቸው። በመጀመሪያ ቁልፍ ጠፋባቸው፣ ከዚያ ስም፣ ከዚያ ፓሎማ ራሱ ጠፋ። ዋንዳ አንድ ቀን ፎቶውን ብታሳያቸው፣ "ፓሎማ? የማን ልጅ ናት?" አሉ። ኢርማ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበላትና፣ በሆዷ ትንሽ ደስ አላት።

ደስታዋ አልቆየም። በገቡበት የአረጋውያን መጦሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሾርባ ይዛ ስትገባ፣ ወይዘሮ ማርጊት ለነርሷ ሲያወሩ ሰማች።

"እናቴን አሥራ አንድ ዓመት አስታምሜያታለሁ። ደረቷን በዝይ ስብ አሻለሁ፣ ፀጉሯን ወደ ግራ ከፍዬ አበጥራለሁ። ሳነሳት እስከ ሦስት ትቆጥራለች፣ በሃንጋሪኛ።" ቆጠሩም፤ ልክ እንደ እናታቸው፣ ሦስቱ ላይ ድምፃቸውን አጥፍተው።

"ብቻዎን? እህት የለዎትም?" አለች ነርሷ።

"አለችኝ። እሷማ ላስ ቬጋስ ዳንስ ላይ ነበረች። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ። አልፈርድባትም፣ ልጅ ናት።"

ኢርማ ሾርባውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። "አንቺ ሌባ!" አለች። "ሁሉ ነበረሽ! ያለችኝ አንዲት ነገር ይቺ ናት፤ እሷንም?" ከኋላዋ የገባችው ዋንዳ ክንዷን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት።

"አክስቴ፣ ታማለች እኮ።"

"መታመሟን አውቃለሁ። እኔስ ጤነኛ እመስላለሁ?"

በወሩ ሚስተር ኤመት በምርኩዝ እየተደገፉ ሊጠይቁ መጡ። ወይዘሮ ማርጊት አላወቋቸውም። "ስለ ሆቴሉ ከሆነ የመጣኸው እህቴን ጠይቃት፤ እዚያ የሠራችው እሷ ናት" አሏቸው። ሚስተር ኤመት ኢርማን ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "አስታውሳታለሁ" አሉ። "አረንጓዴ ቀሚስ ነበራት። ስትገባ አዳራሹ ዝም ይል ነበር።" ኢርማ መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች። ሚስተር ኤመት ዛሬ ሦስተኛው ወንበር ላይ ናቸው፤ ውለታቸውን አልረሳችም።

ባለፈው ጃንዋሪ ወይዘሮ ማርጊት የኢርማን እጅ ያዙ። ማን እንደሆነች ያወቁ አይመስልም። "የቀብሬን ወረቀት የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉኝ። ስለ ሥራ ምናምን አታብዢ። እናቷን አስታማለች ብለሽ ጻፊ። ሌላው ይቅር" አሉ። ኢርማ "እሺ" አላለችም። ወደ ቤቷ ሄዳ ወረቀቱን ጀመረች፤ እናታቸውን ያስታመመችው ኢርማ መሆኗንም አስገባች። የምትተይበው ዋንዳ ደወለች።

"አክስቴ፣ ይቺን ዓረፍተ ነገር ሦስት ቦታ ጽፈሻታል።"

"አራተኛም ቦታ ካለ አስገቢልኝ።"

ስልኩን ስትዘጋ ቀኑ እሑድ መሆኑ ታወሳት። ዝይውን፣ ግራውን፣ እስከ ሦስት መቁጠሩን ለወይዘሮ ማርጊት የነገራቸው ማን ነው? እርሷው ናት፤ በየእሑዱ፣ እያማረረች፣ በስልክ። እርሳቸው እየተቆጣጠሩ አልነበረም፤ እየለቀሙ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የለቀሙትን አንዲት ሳይጥሉ ይዘው፣ ፓሎማ ከነመብራቱ ከራሳቸው ሲጠፋ ያቺን ብቻ አስቀሩ። በእናታቸው መቃብር ላይ ያጨበጨቡትም ስድብ አልነበረም። መዳፋቸውን ያሳዩት እውነትም ባዶ ስለነበረ ነው። ኢርማ ደብዳቤ ስታነብ አንጀቷ ሲያርር፣ በስልኩ በዚያኛው ጫፍ ደግሞ የሌላ ሰው አንጀት ያርር ነበር።

ወይዘሮ ማርጊት ቫርጋ ኦግልቪ በሐኪሞች ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2018 በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሲያርፉ ቀኝ እጃቸው የኢርማን አውራ ጣት ጨብጦ ነበር። አላጨበጨቡም።

ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይነበብ፤ ከኋላ የተቀመጣችሁ የፓሎማ ሰዎችም እርስ በርስ አትተያዩ፦ ወይዘሮ ማርጊት እናታቸውን ወይዘሮ ኢሎናን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ አሥራ አንድ ዓመት፣ በየእሑዱ፣ አስታመዋል።

ከአቶ ሌስተር ኦግልቪ አንዲት ሴት ልጅ ያፈሩት ወይዘሮ ማርጊት ሁለት የልጅ ልጆች አይተዋል። ልጃቸው ዋንዳ፣ የልጅ ልጆቻቸውና እህታቸው ኢርማ በኀዘን ላይ ናቸው። አረንጓዴው ቀሚስ ኢርማ ዘንድ ነው፤ እጅጌ የለውምና አይረዝምባትም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከእናታቸው አጠገብ ያሳርፍልን፤ ሾርባውንም ፀጉሩንም ራሳቸው ይድረሱበት። ይህንንም ቀድመዋታል። ኢርማ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሷም በተራዋ ስትደርስ፣ እትዬ ማርጊት በር ላይ ቆመው "ምነው ድሮ በመጣሽ!" እንዳይሏት።