ሦስት የፋስ ምልክት

ኅዳር 3

ደህና ቀን። የሰኞ ገበያዋን ሴትዮ ሳጥን ጨረስኩ። ንጹሕ ዋንዛ። ቫርኒሽ ቀባልኝ ብላ ነበር፣ እምቢ አልኩ። ዋንዛ ሲላግ የራሱ ወዝ አለው፤ ምን ያደርግለታል?

ክዳኑን ከፈት አድርጋ፦ "ሲጢጥ ይላል እኮ!"

"ሌባ ሲነካው እንዲጮህ ነው። ውሻ ከምትቀልቢ..."

ስቃ ሄደች። ማጠፊያውን ዘይት መቀባት ረስቼ ነው እንጂ።

ነገ ከደሴ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ እህቴ ረሂማ ጋ። ልጆቿንም ካየኋቸው ቆየሁ።

ኅዳር 4

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሾፌሩ በጡሩምባው ነው የሚያየው። ከታች ግን ፀሐይ።

የረሂማ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ግራና ቀኝ የሁለቱ ልጆቿ ቤት፦ ታላቁ በሺር፣ ታናሹ ሙዓዊያ። በማሳቸው ድንበር ላይ አባታቸው የተከለው ዋንዛ። አሁን አበባ ላይ ነው፣ ነጭ በነጭ፣ ንብ ይጮህበታል። እንዲህ ያለ ግንድ ደሴ ውስጥ በህልም ነው የሚታየው። ሟቹ ሲያጣጥር "አንዳችሁ ያለ አንዳችሁ እንዳትሸጡት" ብሎ አስምሏቸዋል።

በሺር እንደ ሙሽራ ነው የሚጠብቃት። ምሳ ላይ ነካካሁት።

"አንተ በሺር፣ ሌሊት ከሚስትህ ነው ከዛፏ ጋር የምታድረው?"

"አጎቴ ይሳቁ። ወላሂ፣ ይችን ዛፍ ያለኔ የነካ እጁን ነው የምለው!"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሙዓዊያ ብቻ አልሳቀም፤ እንጀራውን ያገላብጣል። ሆዱን አሞት ይሆናል አልኩ።

ወደ ማታ ስወጣ የበሺር ፋስ አጥሩ ላይ ተሰክቷል። ዋንዛው ፊት ለፊቴ። ሰውም የለ... እጄን በላኝ።

የዛፍ ነጋዴ ቀብድ ከሰጠ ግንዱ ላይ ጎን ለጎን ሦስት ጊዜ ፋስ ያሳርፋል። ከዚያ ወዲያ ዛፉ ተሸጧል፣ ባለቤቱም አይነካው። ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ደረት ቁመት ላይ አሳረፍኩበት፦ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እንደ ነጋዴ፣ ንጽት አድርጌ። ፋሱን ወደ ቦታው።

ለዛፍ ነገር በሺር መጀመሪያ የሚደውለው ለኔ ነው። "አጎቴ፣ ማን ገዛት?" ሲል ትንሽ አሹፌበት እነግረዋለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ቦታ ቀየረ።

ኅዳር 5

ጠዋት መላጊያ ማሽኑ ሲጮህ ነበር። ስልኬ ኮቴ ኪስ ውስጥ፣ ኮቴ በር ላይ። ሳየው በሺር ደጋግሞ ደውሏል። ሳቄን ዋጥ አድርጌ መለስኩለት። አያነሳም። እንደገና... አያነሳም።

ከዚያ ረሂማ ደወለች። ቃል የላትም፣ ጩኸት ብቻ። ከጩኸቱ መሀል፦

"እጁን! ወንድሙን እጁን ቆረጠው!"

ኅዳር 6

መጻፍ አለብኝ። ካልጻፍኩት አያስተኛኝም።

በሺር ለሶላት ሲነሳ ነው ምልክቱን ያየው። ለኔ ደወለ። አላነሳሁም። ፋሱን ከአጥሩ ነቀለ... ፋሱን። ሙዓዊያ በረቱ ደጅ ላይ በሬውን ሲፈታ ደረሰበት።

"ለማን ሸጥካት?"

"ምኑን?"

ከዚህ በላይ አልተነጋገሩም ይላሉ። መጀመሪያ በፋሱ ጀርባ ደረቱን መታው። ወደቀ። ሊነሳ ግራ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ በስለቱ። ከአንጓው በላይ። ሚስቱ ዊዳድ ሻሿን ፈታ አሰረችው። በሺር የተቆረጠውን እጅ አየ፣ ፋሱን ጣለ፣ እንደ አውሬ እየጮኸ ወደ ገደሉ ሮጠ።

ሐኪም ይቀጥለዋል ብለው እጁንም በፌስታል ይዘው ደሴ አመጡት። ሆስፒታሉ በር ላይ ዊዳድ ከመኪናው ስትወርድ "ያዙልኝ አጎቴ" ብላ ሰጠችኝ። ያዝኩት። ገና ይሞቅ ነበር። ሐኪሙ ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ቅበሩት።"

ጦሳ ተራራ ሥር ወስጄ ቀበርኩት። ብቻዬን። ስንት ጊዜ ይቺን እጅ መጋዝ አያያዝ አሳይቻታለሁ?

ሁሉም ይጠይቃል፦ ማን ነው ፋስ ያሳረፈበት? እኔም አብሬ እጠይቃለሁ። አፌ እንዴት ታዘዘልኝ?

ኅዳር 8

የዊዳድ ወንድም ሂሻም ጓደኞቹን ይዞ ትናንት ማታ የበሺርን ቤት አቃጠለ። ጭዱም ቤቱም። ሚስትና ልጆቹ በጓሮ አምልጠዋል። በሬው ግን አላመለጠም፤ ቋንጃውን ቆርጠውት ሲያጓራ አደረ። ጠዋት የሚያርደው ሰው ጠፋ፤ ከደሴ ወርጄ እኔ አረድኩት።

በሺር ቢስቲማ አካባቢ ዘመድ ቤት ተደብቋል ይባላል። ሂሻም በመንደሩ መሀል ሽጉጡን እያሳየ፦ "የእህቴ ባል በግማሽ ቀርቷል። እኔ በሺርን ሙሉ ለሙሉ ነው የምፈልገው።"

ይገድለዋል። ሲቀልድ አይቼው አላውቅም።

ኅዳር 9

ዛሬም አልተናገርኩም። ስልግ ውዬ ደህና ሳንቃ አበላሸሁ።

ኅዳር 11

ለረሂማ ነገርኳት።

በርበሬ እየወቀጠች ነበር። መጀመሪያ አልገባትም፣ ደግሜ ነገርኳት። ዘነዘናውን እንደያዘች ተነስታ ትከሻዬ ላይ አሳረፈችው። ወደቅኩ። ደገመችኝ።

"ትንሽም ሆነህ፣ ሸብተህም፣ ቀልድ! ቀልድ! የማሕፀኔን ፍሬ አስቆረጥክብኝ! ሳቅ እንጂ አሁን! ሳቅ!"

በርበሬው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጥሩ ሆነ፣ ለቅሶዬ ምክንያት አገኘ።

ከዚያ ወደ ሆስፒታል ወጣሁ። ሙዓዊያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ነገርኩት። ይጮሃል፣ ያንቀኛል ስል ወደኔ ዞረ፦

"አጎቴ፣ እኔም ሸጫት ነበር።"

"ምን አልክ?"

"ለባጃጅ ብዬ። ከኮምቦልቻ ነጋዴ ቀብድ በልቻለሁ። እሁድ መጥቶ ፋስ ሊያሳርፍ ነበር። በሺር ለማን ሸጥካት ሲለኝ ነጋዴው ቀኑን ተሳስቶ መጣ እንዴ አልኩ። ምኑን? አልኩት። ዓይኔ ግን ወደ ዛፏ ሄደ። ዓይኔን አየ፣ አጎቴ። ለዚያ ነው የመታኝ።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ በውሸት የመታሁት ዛፍ በእውነት የተሸጠ ኖሯል። ታዲያ ቀለለኝ? አልቀለለኝም። እንዲያውም... ይህን አፍ አውጥቼ ብናገር የልጁ እጅም ክብሩም ተቆረጠ። አልናገርም። የኔን ብቻ እናገራለሁ።

ኅዳር 14

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ አብጧል።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ደም ሊያደርቁ አስታራቂው አባጋር ቀለሙ ከነቡድናቸው መጡ። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ እስላም፤ የኛን ሰፈር ደም ሲያስታርቅ የኖረው ግን የሳቸው ቤት ነው። እሳቸው ካሉበት ጥይት አይተኮስም። ሂሻም ሽጉጡን እግራቸው ሥር አስቀመጠ፣ ዱላውን ግን አልለቀቀም። ሙዓዊያም ክንዱን በፋሻ ጠቅልሎ ከሆስፒታል ወጥቶ መጥቷል።

በሺርን ከቢስቲማ አመጡት። እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ። ስታየው ዊዳድ ጮኸች። ሂሻም ተነሳ።

እኔ ቀደምኩት። ድንጋዩን ከበሺር አንገት አንስቼ የራሴ ላይ አደረግኩት። ከባድ ነው... ትከሻዬ ገና አልዳነም።

"አንተ ሀምዱ፣ ይሄም ቀልድህ ነው?" አሉ አባጋሩ።

"አይ አባጋር፣ ቀልዴን ላሳርፍ ነው። ፋሱን ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። በሺርን ላስቆጣ፣ ልስቅበት። ሙዓዊያ ንጹሕ ነው።"

የሂሻም ዱላ መጣ። መጀመሪያው አፌን አገኘ፣ የፊት ጥርሶቼን ተፋሁ። ሁለተኛው ቀኝ እጄን። ከዚያ በእርግጫ፣ በእርግጫ፣ ጎኔን። ማንም አልገላገለም። የሰማሁት የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። ይበቃኛል ብዬ ለመንኩ? አላስታውስም።

"ተወው! ሸጫት ነበር!"

ሙዓዊያ ነው። ቆሞ በቀረው እጁ ዛፏን ያሳያል።

"አጎቴ ምልክቱን ቢያሳርፉም ባያሳርፉም ሸጫት ነበር! የአባቴን መሐላ የበላሁ እኔ ነኝ!"

ሂሻም ዱላው አየር ላይ ቀረ። "ለዚህ... ለዚህ ነው ቤት ያቃጠልኩት?" ዞሮ የራሱን አማች በጥፊ አጮለው። ሙዓዊያ አልወደቀም። ያኔ ነው አባጋሩ ዘንጋቸውን መሀል የሰነዘሩት። "ይበቃል! ደም የሚጠጣ መሬት አይጠግብም።"

ውሳኔው፦ ሂሻም ያቃጠለውን ቤት ይሥራ፣ በሬውን ይተካ። በሺር ለፖሊስ እጁን ይስጥ፤ በዋስ ሲወጣ የወንድሙን መሬት እያረሰ ያብላው። ዛፏ አትሸጥ፣ አትቁምም። ሁለቱ ወንድማማቾች ራሳቸው ይጣሏት፣ በሞተር ሳይሆን በሁለት ሰው መጋዝ።

"እኔስ?" አልኩ በደም አፌ።

"አንተማ ከእንግዲህ ስትስቅ ሰው የወለቀ ጥርስህን ያያል" አሉ።

ጥር 12

ዛሬ ወደቀች።

መጋዙን እኔ ሞረድኩት። በዋስ የወጣው በሺር በአንድ ጫፍ፣ ሙዓዊያ በሌላው፣ በቀኝ እጁ ብቻ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። አሁንም የለም።

"መጋዝ አይገፋም" አልኳቸው። "ይሳባል። አንዱ ሲስብ ሌላው ይልቀቅ።"

ማን ሰማኝ? ሁለቱም ይስባሉ። ሁለቱም ይገፋሉ። ስለቱ ይታጠፋል፣ ያንቃል፣ ጆሮ ይበጣል። እስከ ዙሁር ቅርፊቱን አላለፉም። ላብ ብቻ። ከዚያ ደከማቸው መሰለኝ... መጋዙ መሄድ ጀመረ። አንዱ ሲስብ ሌላው ሲለቅ። ሰጋቱራው መጀመሪያ ነጭ ወጣ፣ ወደ ልቡ ሲጠጋ እንደ ሻይ ቀላ።

ዓሥር ላይ ግንዱ ተንቋቋ። መውደቂያው ወደ ማሳው ነበር፣ ግን ተጠማዘዘች። ወደ ሙዓዊያ።

"ሽሽ!"

የበሺር ድምፅ። ሙዓዊያ አልተንቀሳቀሰም። መጋዙን ይዞ ወንድሙን ቀጥ ብሎ ያያል። ቂም ነው? ድካም ነው? ከልጅነቱ ሳየው የኖርኩ አጎቱ እንኳ አላውቅም። በሺር ግንዱን ዞሮ ዘሎ ያገኘውን ያዘ፤ ያገኘው የተቆረጠውን ክንድ ነው። ጎተተው። ሙዓዊያን ሕመሙ ሰማይ አደረሰው፤ እየጮኸ በጭንቅላቱ አፍንጫውን መታው። ዛፏ ከኋላቸው ወደቀች። መሬቱ ነጠረ።

እነሱ አላዩአትም። ቅጠል ውስጥ እየተንከባለሉ ይደባደባሉ። በቡጢ፣ በጥርስ፣ በጉልበት። ሂሻም ሊገላግል ሲል አባጋሩ በዘንግ ያዙት። "ተው። ይሄኛው ያለ ፋስ ነው።"

እስኪደክማቸው ተደባደቡ። ከዚያ ጎን ለጎን ተጋድመው ሲተነፍሱ፣ በሺር አፍንጫው እየደማ፦

"መጋዝ መሳብ እንኳ አታውቅም።"

"አንተ መልቀቅ አታውቅም" አለ ሙዓዊያ።

የካቲት 20

ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስሄድ በሩ ላይ ሦስት የፋስ ምልክት። ጎን ለጎን። ደረት ቁመት ላይ።

ሂሻም! አልኩ። ሰላሙን በልቶ ሊገድለኝ ነው። ሌላ ነገር አላሰብኩም። ላስብ አልፈለግኩም። ከፍቼ ገባሁ፣ ፋሴን ከጠረጴዛው ሥር አወጣሁ፣ ወጣሁ። በሩን እንኳ አልዘጋሁም። በፒያሳ መሀል፣ ፋስ በእጄ፣ ወደ መናኸሪያ። ሰው መንገድ ይለቅልኛል። የማውቃት ሻይ ሻጭ "አቤት ሀምዱ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ቀልድ ይዘሃል?" አለችኝ። አልመለስኩላትም። አንገቱን ነው ያልኩት በልቤ። አንገቱን።

ስልኬ ጮኸ። ዛሬ ሰማሁት።

"አጎቴ! ሳቁ?"

"ማን ነህ?"

"አንድ እጅ ያለኝ የዛፍ ነጋዴ ነኛ! ሱቅዎን ገዝተነዋል።"

ከኋላው ሌላ ሰው በሳቅ ይንፈራፈራል። በሺር። "አንደኛውን ጫር ጫር ያደረገው እሱ ነው፣ አጎቴ!" ይላል። ሁለቱም። አብረው።

መናኸሪያው በር ላይ ቆምኩ። ለኮምቦልቻ ረዳቱ ይጣራል፤ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶታል።

"አጎቴ? አሉ? ሳቁ እንጂ!"

"ሳቅኩ፣ ልጆቼ" አልኩ።

አልሳቅኩም። ፋሱን መሬት ላስቀምጥ ብል ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። በሌላው እጄ፣ አንድ በአንድ ፈታኋቸው።