እማዬ፣ ችሎት ተጠርተሽ ነበር

እማዬ፣ የኔ እናት፣ እንዴት ሰነበትሽ እንዳልልሽ ያለሽበት ቦታ መሰንበት የሚባል ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም። ሙት ዓመትሽን ካወጣን ወዲህ ይኸው ሌላ ክረምት ገባ። እኔ ደህና ነኝ። ጎማ መለጠፌን አልተውኩም፣ የካራ መንገድም ጎማ መብሳቱን አልተወም፤ ተደጋግፈን እንኖራለን። ግቢያችን ውስጥ ያለው ኮክ፣ መካን ነው ቁረጠው እያልሽ የምትሰድቢው፣ ዘንድሮ አፍርቶ ጉድ አሰኘን። ጎረቤቱ ሁሉ እየለቀመ ይበላል፣ አንቺንም ነፍስ ይማር ይላል።

ሌላም ነገር አለ፣ ተረጋግተሽ ስሚኝ። ከምራትሽ ከሰናይት ጋር ተለያየን። አትደንግጪ፣ ማንም ማንንም አልመታም። አንቺ እያለሽ ሁለታችንም ከአንቺ ጋር ስንጣላ እንውል ነበርና እርስ በርስ ለመጣላት ጊዜ አልነበረንም። አንቺ ስትሄጂ ጊዜው ተገኘ። ይቺ ልጅ ትታህ ትሄዳለች፣ እኔም ብሆን ትቼህ እሄድ ነበር ብለሽኝ አልነበር? ሄደች።

የቀረን ክርክር ስለ ልጃችን ስለ ሶልያና ነው። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኑር ሲባል እሺ አልኩ። ግን ከዓርብ እስከ እሁድ እኔ ቤት ትደር አልኩ። የሰናይት ጠበቃ ደግሞ መንገድ ዳር የሚውል ሰው ዘንድ ሕፃን ማደር የለባትም፣ ከፈለገ ሌላ ሰው ባለበት ለትንሽ ሰዓት ይያት ብሎ ጻፈ። የገዛ ልጄን እንደ እስረኛ ልጠይቃት ማለት ነው። ያን ሰሞን እህል አልወርድ አለኝ፣ እማዬ። ያለሷ ቤቱ ምን ቤት ነው?

ታዲያ ሰው እንዲህ ጭንቅ ላይ ሆኖ አርፎ አይቀመጥም? ልጅሽ አልተቀመጠም። አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ካራ ላይ ጎማዋ ተነፈሰባትና ወደ እኔ መጣች። እየለጠፍኩላት ስለ ልጅ አስተዳደግ ፕሮግራም እንዳላት ነገረችኝ። አፌን ታውቂዋለሽ፤ እናት መጦር ማለት ልጅ ማሳደግ ነው፣ አንዱን የቻለ ሌላውን ይችላል አልኳት። ወደደችው፤ መጥተህ ይህንኑ ለአድማጭ ንገርልኝ አለች። ባለሱቁ ሙዲን፣ ያ ሱረትሽን ከእኔ ደብቆ የሚያቀብልሽ ሙዲን፣ ክርክር ላይ ያለ ሰው ስለ ልጅ በአደባባይ አያወራም፣ ዝም አይነቅዝም ብሎ መከረኝ። ማን ሊሰማው! የሠርጌን ሱፍ ለብሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ። በሬዲዮ ሰው እንደማይታይ ትዝ ያለኝ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ነው።

እዚያ ስለ አንቺ አወራሁ። ወላጅ እናቴን ስጦር ብዬ አጀማመሬስ ደህና ነበር። ችግር የመጣው «ከመሞቷ በፊት» የሚለው ላይ ስደርስ ነው። ቃሉ እምቢ አለኝ። ለቅሶሽ ላይም እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ሰው ሲጠይቀኝ የለችም እያልኩ ነው ያለፍኩት። እዚያም እማዬ እኔ ዘንድ ሳለች፣ እማዬ እኔ ዘንድ ሳለች እያልኩ ቀጠልኩ። ሶልያናንም እማዬ ብዬ እንደምጠራት ሰፈር ያውቃል። ሴት ልጁን እማዬ የማይል አባት ካለ አሳዪኝ! ግን ያኔ በሐሳቤም አልመጣም። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ሙዲን ሬዲዮውን አስጮኾ ለመንገደኛው ሁሉ አሰማልኝ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ከሰናይት ዘመዶች አንዱ ግን ከመሃል ደርሶበት ቀረጸውና ለጠበቃው ሰጠው። ሰናይት እንኳ አልሰማችውም ነበር። ቀጠሯችን ዕለት ጠበቃው ተነሣ፣ ማስረጃ አለኝ አለ፣ ስልኩን ከፈተ። የራሴ ድምፅ ችሎቱን ሞላው። እማዬ እኔ ዘንድ ሳለች የፊት ጥርስ ስለሌላት ዳቦውን በሻይ አርሼ ነበር የማበላት፣ ይላል። እምቢ ካለች አፍንጫዋን ያዝ አድርጌ አጎርሳታለሁ፣ ይላል። ሥራ ስሄድ ግቢውን ከውጭ እቆልፍባታለሁ፣ አለዚያ ቤቴ እዚያ ነው ብላ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ትነሣለች፣ ይላል። ማታ ደግሞ አንዲት መለኪያ አረቄ ካልሰጠኋት እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ይላል።

ሶልያና ሰባት ዓመት ሞልቷታል፣ እማዬ። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል።

ጠበቃው አረቄ የምትለዋን ቃል ብቻ ደግሞ ጠርቶ ቁጭ አለ። ከኋላ አንዲት ሴት አማተበች። ላስረዳ ብዬ ተነሣሁና እንደ ድንጋጤ ያለ አፍ አስያዥ የለም፣ ያገኘሁትን ተናገርኩ። እኔ አላስጀመርኳትም፣ ራሷ ናት የምትጠይቀኝ አልኩ። ሰናይት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ለካ በሳቅ ልትሞት ነው።

ጠበቃው በደስታ ስልኩን መዝጋት ረሳ። ድምፄ ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ ኩሏን ተኩላ በር ላይ ትቀመጣለች፣ ባሌ ሊወስደኝ ይመጣል ትላለች፣ አለ። ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው ያሉኝ ብላ ጠበቃውን ጠየቀችው፣ እሱም ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ የሚሏት ማን ናት?»

እናቴ ናት አልኩ፣ ወላጅ እናቴ። እንግዲያው በሚቀጥለው ቀጠሮ ይቅረቡና ራሳቸው ያስረዱ አለች፣ ጸሐፊዋም መጻፍ ጀመረች። አየሽ፣ በእርጅናሽ ምስክር ሆነሽ ተጠራሽ። አትመጣም አልኩ። ታመው ነው? አለች። አይ፣ አሁን እንኳን አያማትም አልኩ። ሩቅ ናቸው? አለች። ትንሽ ራቅ ይላል አልኩ። ዳኛዋ ፊቷን አጠቆረች፤ ፍርድ ቤት መቀለጃ አይደለም፣ ይቀርባሉ ወይስ አይቀርቡም ብላ ጠረጴዛውን መታ አደረገች። ልጄን ልነጠቅ እንደሆነ ይታየኛል፤ አንዲት ቃል ብናገር እንደምድን አውቃለሁ። ቃሏ ግን አልወጣ አለችኝ።

ያኔ ሰናይት ተነሣች። ጠበቃዋ እጇን ይዞ ሊያስቀምጣት ሞከረ፣ አልሰማችውም።

«ሞተዋል፣ ክብርት ዳኛ። ገላቸውን ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። አረቄውንም የምቀዳላቸው እኔ ነበርኩ፤ እሱ መለኪያውን ያሳንስባቸዋል።»

አለቀስኩ፣ እማዬ። ለቅሶሽ ላይ ድንኳን ስተክልና ወንበር ስቆጥር ያመለጠኝን ለቅሶ እዚያ ችሎት መሃል አወረድኩት። ሰናይት ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ በጠበቃዋ በኩል አሻገረችልኝ፤ ሰውየው ምን ያድርግ፣ ተቀብሎ አቀበለኝ። አማት አይወደድም ይባላል። እኔ ያየሁትን አየሁ፣ ከእንግዲህ ስለዚያች ሴት ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም። ትዳራችን ግን አልተመለሰም፣ እንዳትጠብቂ።

ዳኛዋ ሶልያና ከዓርብ እስከ እሁድ እኔ ቤት ትደር ብላ ወሰነች። አንድ ተግሣጽም ሰጠችኝ፤ መዝገቡ እስኪዘጋ ስለ ልጅዎ ሬዲዮ ላይ አይናገሩ፣ ልጅቷንም በስሟ ይጥሯት፣ ሰው ይደናገራል አለች። ሙዲን ይህን ሲሰማ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ብዬህ ነበር አለኝ። አላለኝም ነበር፤ ግን ቀን ወጥቶልኛልና አልተከራከርኩትም።

ዓርብ ሰናይት ልጅቷን አምጥታ በር ላይ አደረሰቻት። እኔም ሕግ አክባሪ ነኝና ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ሶልያና» ብዬ ጠራኋት። ባለችበት ቀጥ አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አባዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

በስሟ ጠርቻት አላውቅማ፤ የተቆጣኋት መስሏት ነው። ሰማይ ተደፋብኝ። ብድግ አድርጌ አቀፍኳትና፣ ምንም አላጠፋሽም፣ እማዬ፣ ምንም አልኳት። ዳኛዋ ከፈለገች ትቅጣኝ።

እንግዲህ አልረሳሽም ብዬ መማል አያስፈልገኝም። ምሳሽን ብዪ ስላት፣ ጫማሽን እሰሪ ስላት፣ ከመንገድ ዳር ዞር በይ ብዬ ስጮኽባት ስምሽ ከአፌ አይጠፋም። አቤት የምትለኝ እሷ ናት፤ የምጠራው ግን ሁለታችሁንም ነው።

ልጅሽ፣ ታሪኩ